መልሳችሁ አሰሙን

ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ትምህርት ቢሮ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የማዳመጥና የመናገር ትምህርት በድምፅ ተቀርጾ ተማሪው እጅ እንዲደርስ ስለመጠየቅ



ባለፈው ሰሞን ሰባተኛ ክፍል ገብቼ በእንግሊዝኛ “ዛሬ ዌንዝደይ ነው” አልኩ። ክፍሉ ዝም። ከፊት የምትቀመጥ አንዲት ልጅ እጇን አወጣችና “ቲቸር፣ ዌንዝደይ ምን ማለት ነው?” አለችኝ። መልስ ልሰጣት አልኩና ተውኩት፤ ጠመኔ አንሥቼ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩት። “እእእ፣ ዌድነስደይ!” አሉ ሃምሳ ምናምን ልጆች ባንድ አፍ፤ የሚያውቁት ጎረቤት ጢም አብቅሎ የመጣባቸው ይመስል። ከታችኛው ክፍል ጀምሮ የሚጽፉት ቃል ነው። ፊደሉን የሚስት አንድም የለም። ሲጠራ ግን ሰምተውት አያውቁም።

በልጆቹ አልፈርድም። እኔም “ዌድነስደይ” እያልኩ ነው ዩኒቨርሲቲ የገባሁት።

የምጽፍላችሁ ከሳሪስ ነው። ትምህርት ቤታችን ከደብረ ዘይት መንገድ ገባ ብሎ ይገኛል፤ የማነሣው ነገር የእኛ ግቢ ብቻ ገመና ስላልሆነ ስሙን አልጠቅስም። ይህን ደብዳቤ በመሸኛ፣ በማኅተምና በመዝገብ ቁጥር ከመላክ ይልቅ በግልጽ የጻፍኩት ሌሎች መምህራንም ወላጆችም እንዲያነብቡት፣ ካጠፋሁም እንዲያርሙኝ ብዬ ነው።

የእንግሊዝኛ መማሪያ መጽሐፋችን “ማዳመጥ” የሚል ክፍል አለው። መጽሐፍ እንግዲህ አይናገርም። የሚደመጠው ጽሑፍ ያለው በመምህሩ መምሪያ ውስጥ ነው፤ እኔ መምሪያውን ይዤ ቆሜ አነብባለሁ፣ ልጆቹ ሰምተው ጥያቄ ይመልሳሉ። ሲታይ ምንም ክፋት የለውም። ነገር ግን ልጁ ዓመቱን ሙሉ የሚሰማው እንግሊዝኛ የእኔን ብቻ ነው። እኔ የሰማሁት የአስተማሪዬን ነው፣ አስተማሪዬም የአስተማሪያቸውን። ቃሉ ከአፍ ወደ አፍ ሲዞር እንደ አሮጌ የብር ኖት ጠርዙ አልቋል። የኋላ ወንበር ላይ ያሉት ደግሞ እኔንም በደንብ አይሰሙኝም፤ በመንገዱ ሲኖትራክ ባለፈ ቁጥር አንድ ዐረፍተ ነገር ይዞባቸው ይሄዳል። “ቲቸር ይደገምልን” ይላሉ። እደግማለሁ። ሦስተኛ ጊዜ ሲጠይቁኝ ድምፄም ትዕግሥቴም አብረው አልቀዋል። እውነቱን ልናገር ካልኩ፣ ብዙዎቻችን ያንን ክፍል እንዘለዋለን። ፈተና ላይ አይመጣማ።

አይመጣም ስል ጨርሶ የለም ማለቴ አይደለም፤ የመጣበት መንገድ ነው የሚያስቀው። የ12ኛ ክፍል እንግሊዝኛ ፈተና ላይ ንግግር የሚፈተነው በጽሑፍ ነው። ሁለት ሰዎች ሲነጋገሩ ይጻፋል፣ የአንደኛው መልስ ባዶ ይተዋል፣ ከሥሩ አራት ምርጫ ይደረደራል። ልጁ አንዷን ይመርጣል። ከንፈሩን ሳያላቅቅ መናገር ተፈተነ፣ አለፈም። ጆሮውን የጠየቀው የለም።

ነገሩን ከባድ የሚያደርገው ሰባተኛ ክፍል ነው። በከተማችን በአማርኛ የሚማር ልጅ እስከ ስድስተኛ ክፍል ሒሳቡንም ሳይንሱንም በአማርኛ ይቀበላል። ሰባተኛ ላይ ሁሉም ባንድ ጊዜ ወደ እንግሊዝኛ ይዞራል። ሰኔ ላይ በአማርኛ የሸኘነውን ልጅ መስከረም ላይ በእንግሊዝኛ እንቀበለዋለን፤ በመካከሉ ያለው አንድ ክረምት ነው። ስለ ክፍልፋይ ሲወራ እጁን ተሽቀዳድሞ ያወጣ የነበረ ልጅ አንገቱን ይደፋል። ክፍልፋይ ጠፍቶበት አይደለም፤ “ፍራክሽን” የሚለው ድምፅ የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ ጆሮው ስላልለየለት ነው። የሒሳብ መምህሩ ይህን ሲያይ ምን ያደርጋል? ተመልሶ በአማርኛ ያስረዳል። ደግ ሥራ ነው፤ ልጁ ግን እንግሊዝኛውን አሁንም ሳይሰማው ቀረ።

በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ እንደነበሩ አገር ሰምቷል። ይህ ሁሉ የእንግሊዝኛ ጥፋት ነው አልልም፤ ፊዚክስም በራሱ ፊዚክስ ነው። ግን የፊዚክሱም ጥያቄ የሚቀርበው በእንግሊዝኛ ነው።

ቀርጾ ማስተማር ለእኛ አዲስ አይደለም። የእኔ ትውልድ ደህና አድርጎ ያውቀዋል። በ1997 ዓ.ም. ዘጠነኛ ክፍል ስገባ የፕላዝማ ቴሌቪዥኑ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ጠበቀኝ። ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ተዘጋጅቶ በሳተላይት ይመጣል። መምህራችን ጥቂት ደቂቃ መግቢያ ይናገራል፤ ከዚያ ሰውየው ስክሪኑ ላይ ብቅ ሲል ጥጉን ይዞ እንደ እኛው ይመለከታል። ሰውየው ይናገራል፣ ይናገራል፣ ከዚያ “እስቲ ይህን ሥሩ” ብሎ ሰዓት ይቆጥርብናል። ጥያቄውን ገልብጠን ሳንጨርስ ሰዓቱ ያልቅና “በጣም ጥሩ!” ይለናል። ማንን ነው በጣም ጥሩ ያለው? እርስ በርስ እንተያይና እንስቅ ነበር። ሳቁ ሲያልቅ እሱ ሌላ ምዕራፍ ገብቷል። መብራት የጠፋ ቀን ደግሞ የዚያን ቀን ትምህርት ሰማይ ላይ ቀረ።

ያኔ ሁላችንም የምናማው አነጋገሩን ነበር፤ “አክሰንቱ ከበደን” እንል ነበር። ዛሬ አስተማሪ ሆኜ ሳስበው አነጋገሩ አልነበረም ዋናው። ባዕድ አነጋገር ሁለት ሦስቴ ከተሰማ ይለመዳል። የጎዳን አለማቆሙ ነው። አገር ሙሉ ባንድ ጊዜ የሚሰማውን ሰው አንድ የሳሪስ ልጅ “ቆይ፣ ምን አልክ?” ሊለው አይችልም።

ታሪክ ይቀልዳል መሰለኝ፣ ፖድካስት የሚለው ቃል ጋርዲያን ጋዜጣ ላይ በቤን ሀመርስሊ ብዕር ብቅ ያለው እ.ኤ.አ. በየካቲት 2004 ነው፤ በእኛ 1996 ዓ.ም. መሆኑ ነው። እኛ ሊቆም የማይችለውን ግድግዳ ላይ ልንሰቅል ስንሰናዳ፣ ዓለም ኪስ ውስጥ ለሚገባውና በአውራ ጣት ለሚቆመው ስም ያወጣ ነበር ማለት ነው።

ሁለተኛ ቋንቋ ለሚማር ሰው ከመቆምና ከመመለስ የሚበልጥ ነገር የለም። ይህን ለማወቅ ውጭ አገር መሄድ አያስፈልግም። የአብነት ትምህርት ቤት የገባ ሰው ያውቀዋል። ግእዝ ዛሬ የማንም አፍ መፍቻ አይደለም፤ የቆሎ ተማሪ ሁሉ ሁለተኛ ቋንቋ ተማሪ ነው። ታዲያ የኔታ ምን ያደርጋሉ? ያሰሙታል፣ ያስደግሙታል፣ ሲስት ያቆሙታል፣ ከሳተበት ያስጀምሩታል። ተነሽ፣ ተጣይ፣ ወዳቂ፣ ሰያፍ እያሉ ድምፁ የቱ ላይ እንደሚነሣና የቱ ላይ እንደሚወድቅ ይነግሩታል፤ ቃሉ በፊደል አንድ ሆኖ በአነባበብ ሊለያይ ስለሚችል ዓይን ብቻውን አይታመንም። የቃል ትምህርቱ የሚጠናው ማታ ነው፤ መጽሐፍ በማይታይበት ጨለማ ጆሮ ለጆሮ። የቁርአን ቤትም ከዚህ አይርቅም። ተማሪው ሺህ ጊዜ ቢስት የኔታ ሺህ ጊዜ ያቆሙታል። እኔ ሃምሳ ምናምን ልጅ ይዤ በአንድ ክፍለ ጊዜ ይህን ማድረግ አልችልም። ስልክ ግን ይችላል፤ አይሰለችም፣ ጉሮሮውም አይደርቅም። ብቻ የኔታ የሚቆጡትን ያህል አይቆጣም፤ ይህ ጉድለት ነው ወይስ ጥቅም፣ አላውቅም።

እስቲ የሞከርነውን ልንገራችሁ።

የእንግሊዝኛ ክፍል ባልደረቦቼና እኔ ካለፈው ዓመት ጀምሮ ትንንሽ ቅጂዎች እናዘጋጃለን። ስቱዲዮአችን የንብረት ክፍሉ ነው፤ የተሰበሩ ወንበሮች ከተደረደሩበት ወዲህ የስፖርት ፍራሾቹን ግድግዳው ላይ አስደግፈን ድምፁ እንዳያስተጋባ እናደርጋለን። መቅረጫው የአንዳችን ስልክ ነው። አንዱ ቅጂ አራት ደቂቃ ነው፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ልጆቹ እንደሚያቋርጡት አይተናል። ድምፁን ጨምቀን ስናስቀምጠው 1 ሜጋባይት እንኳ አትሞላም፤ አንዲት ፎቶ ከዚያ ትበልጣለች። ቪዲዮ ይሁን ያሉን ነበሩ። እምቢ ያልነው ለካርድ ዋጋ ብቻ ብለን አይደለም። ቪዲዮ ሲሆን ልጁ ያያል፣ ገብቶኛል ይላል፣ ጆሮው ግን ተኝቷል።

ይዘቱ የሰፈሩ ነው። አንዲት ልጅ ሳሪስ ገበያ በቲማቲም ዋጋ ስትከራከር፣ አንድ ሰው ከአቦ ማዞሪያ ወደ ቃሊቲ ባቡር ሲጠብቅ፣ አደይ አበባ ጋ የጠፋ ደብተር ሲፈለግ። (“ወራጅ አለ” እንግሊዝኛው ምንድን ነው ብለው ሲያፋጥጡኝ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ሄደብኝ፤ እስካሁንም ልብ የሚያደርስ አላገኘንለትም።) መጀመሪያ በመደበኛ ፍጥነት ይነበባል። ቀጥሎ ረጋ ተብሎ። ሦስተኛው ላይ ከእያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር በኋላ ዝምታ አለ፤ በዝምታው ውስጥ ልጁ እግር በእግር ተከትሎ ይደግማል። ይህች ዝምታ የእኛ ፈጠራ አይደለችም። ጎረቤታችን ኬንያ እ.ኤ.አ. ከ1980 እስከ 1985 የመጀመሪያዎቹን ክፍሎች ልጆች እንግሊዝኛ በሬዲዮ ለማስተማር ስትሞክር ሬዲዮው ይጠይቅና ዝም ይል ነበር፤ ልጆቹ ጮክ ብለው ይመልሳሉ፣ ከዚያ ትክክለኛውን ይሰማሉ። በእኛም አገር የታችኞቹ ክፍሎች የሬዲዮ እንግሊዝኛ በዚሁ ዘዴ ተዘጋጅቶ ያውቃል። ያለ ዝምታ የሚቀረጽ ትምህርት ዜና ነው።

የተማሪ ስልክ ወደ ግቢያችን አይገባም፤ ልክ ነው፣ ይቀጥል። ስለዚህ ማዳመጡ የማታ የቤት ሥራ ሆነ። ቅጂው በቴሌግራም ለወላጅ ይሄዳል። ቁልፍ ስልክ ላላቸው ዘፈን የሚጫንላቸውን ያህል በሚሞሪ ካርድ እንጭንላቸዋለን። ሁለቱም የሌላቸው አሉ፤ ለእነሱ የትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ በእረፍት ሰዓት በድምፅ ማጉያው ይለቅላቸዋል። ሚኒ ሚዲያው ይህን ከጀመረ ወዲህ ፉክክር መጣ፤ “እኔ ላንብበው” የሚል ልጅ በዝቶ ሰልፍ ይዘናል። እረፍት ላይ የሚለቀቅ ድምፅ ግን ለዝምታው ክፍል አይሆንም፤ ኳስ የሚጫወት ልጅ በመሐል ቆሞ አይደግምም። ይህን አልፈታነውም።

መልሱ የሚመጣው በቮይስ ነው። አንድ ልጅ አለ፤ ክፍል ውስጥ ስሙን ስጠራ “አቤት” ከማለት ውጪ ድምፁን ሰምቼው አላውቅም ነበር። የመጀመሪያውን ቮይስ የላከው ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ላይ ነው፤ ሃያ ሰከንድ። በማግስቱ ስንት ጊዜ እንደቀረጸው ብጠይቀው በጣቱ ቆጥሮ “አሥራ አንድ” አለኝ። አሥሩን ሰምቶ አጥፍቷል። “ድምፄ አስጠላኝ” አለ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ፤ ልጁ የራሱን “ዎክ” እና “ወርክ” አንድ መሆናቸውን በራሱ ጆሮ ሰምቶ በራሱ አርሟል። እኔ ሃምሳ ልጅ ፊት ብነግረው ኖሮ አንገቱን ይደፋ ነበር እንጂ ምላሱ አይፈታም ነበር። አሥር ጊዜ በብቸኝነት የመሳሳት ዕድል ያገኘ ልጅ አሥራ አንደኛውን አይፈራም።

ሌላ ቮይስ ላይ ከልጅቱ እንግሊዝኛ ኋላ ቁሌት ሲንጫጫ ይሰማል። ልጅቱ “ሃው መች ኢዝ ኢት?” ትላለች። ከምድጃው በኩል የእናቷ ድምፅ ቀስ ብሎ ይከተላል፦ “ሃው መች ኢዝ ኢት?” ልጅቱ ሳቀች፣ ቅጂውም ሳቋ ላይ ተቋረጠ። ያንን ቮይስ አላጠፋሁትም።

ያልተሳካልንም አለ። አንዳንዱ ልጅ ወረቀት ላይ ጽፎ ያነብብልኛል፤ ንባብ ከንግግር በድምፁ ይለያል፣ ያስታውቃል። አንዳንዱ የወንድሙን ድምፅ ይልካል። ከሁሉ የሚብሰው ሒሳቡ ነው፦ በሁለት ክፍል ከመቶ በላይ ልጆች አሉኝ። እያንዳንዱ አንድ አንድ ደቂቃ ቢልክ ወደ ሁለት ሰዓት ያህል ማዳመጥ አለብኝ፣ ያውም ያለ እርማት። በሁለተኛው ሳምንት ጆሮዬ ጮኸ። አሁን ልጆቹን ጥንድ ጥንድ አድርገን እርስ በርስ እንዲሰሙና እንዲተራረሙ አድርገናል፤ እኔ በየሳምንቱ ሃያውን ብቻ እሰማለሁ። የአብነቱም ቤት ቢሆን ታናሹን የሚያስቀጽለው ታላቁ ነው።

“ታዲያ ለምን ራሳችሁ ትደክማላችሁ፣ ከውጭ የተዘጋጀ ሞልቶ የለም ወይ?” የሚል አይጠፋም። ሞልቷል። ቢቢሲ የስድስት ደቂቃ እንግሊዝኛ የሚል ዝግጅት አለው፤ ለእኔ ለራሴ ጠቅሞኛል፣ ዌንዝደይንም ያገኘሁት እዚያ አካባቢ ነው። የአሜሪካ ድምፅ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1959 የጀመረው የዘገምተኛ እንግሊዝኛ ስርጭት ነበር፤ ወደ 1,500 በሚሆኑ ቃላት ብቻ፣ ከተለመደው ፍጥነት ቀንሶ፣ በአጫጭር ዐረፍተ ነገር። ከታላላቆቻችን ስንቶቹ በአጭር ሞገድ ሬዲዮ ከእሱ ጋር ተቀምጠው እንግሊዝኛቸውን እንዳበጁ የሚያውቅ ያውቃል። ዶይቸ ቬለም ጀርመንኛ ለሚማሩ ዜናውን ረጋ አድርጎ ያነብባል፤ በአማርኛም “በማድመጥ መማር” የሚል ተከታታይ ድራማ ያሰማን ነበር። ሁሉም መልካም ናቸው። ነገር ግን የአሜሪካ ድምፅ በመጋቢት 2017 ዓ.ም. በዋሽንግተን ውሳኔ ሥራው ሲገታ ያ ከስልሳ ዓመት በላይ የቆየ የእንግሊዝኛ ትምህርት ዝግጅትም ቆመ። የሰው ገንዘብ ነው፤ ባለቤቱ ሲያነሣው ምን ይባላል? ደግሞም ለሰባተኛ ክፍል ልጅ የሎንዶን የቤት ኪራይ ውዝግብ ሁለት ጊዜ ባዕድ ነው፤ ቋንቋውም ነገሩም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ጉዳዩ እንግሊዝኛ ብቻ ስላልሆነ። በሳሪስ ገበያ አንዲት ነጋዴ በአንድ ጧት ሦስት ቋንቋ ትሸጣለች። ወደ ቃሊቲ ፋብሪካዎች ከየአቅጣጫው የሚመጡ ወጣቶች አማርኛን እዚሁ፣ ታክሲ ላይና ምግብ ቤት ውስጥ ይለምዳሉ። አማርኛ ደግሞ በፊደል ብቻ አይገኝም። “ገና” ብዬ ብጽፍ በዓሉ ይሁን “ገና አልመጣም” የሚለው ፊደሉ አይነግርም፤ “ና” ሲጠብቅና ሲላላ ለይቶ መስማት ያስፈልጋል። “ዋና” ብል ወንዝ ልገባ ነው ወይስ አለቃ ልሆን? አፍ መፍቻችን ስለሆነ ለእኛ አይታወቀንም፤ ለለማጁ ግን የፊደል ገበታ ይህን አይሰጠውም። በአፋን ኦሮሞ ደግሞ የሚለየው የአናባቢው ርዝመት ነው፦ አጭሩ “ለፈ” መሬት ሲሆን፣ ሲረዝም “ላፋ” ለስላሳ ነው። የእኔ ተማሪዎች አፋን ኦሮሞን እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ይማራሉ፤ የሚያስተምረው ባልደረባዬም የሚያማርረው ያንኑ እኔ የማማርረውን ነው፦ ልጆቹ ይጽፋሉ፣ አይሰሙም። የሚያስቀው፣ ከነሱ አንዳንዶቹ ከትምህርት በኋላ እናታቸውን ሊያግዙ ገበያ ሲወርዱ የነጋዴውን አፋን ኦሮሞ ከደብተራቸው በተሻለ ይሰማሉ። ከቤይሩት የተመለሰች አንዲት ጎረቤቴ አረብኛ ፊደል አንድም አታውቅም፤ ስትናገር ግን የሊባኖስ ሰው ትመስላለች። ማንም አላስተማራትም፤ ከሰባት ዓመት በላይ ሲነገር ሰምታለች፣ ማዳመጥ ግድ ስለሆነባት።

እንግዲህ ወደ ጥያቄዬ ልምጣ። መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ በኤፍ ኤም 94.7 ሬዲዮ ትምህርት ወደየቤቱ መሄዱን እናስታውሳለን። በቴሌግራምም የሚነበብ ነገር ይደርሰን ነበር። ከተማው ይህን ማድረግ እንደሚችል ያኔ አይተናል። የምንጠይቀው ያንን ሥራ ሊቆምና ሊመለስ በሚችል መልኩ እንድትጀምሩልን ነው። ከሬዲዮ ትምህርቶቹ የቀረ ቅጂ ካለ፣ አቧራውን አራግፋችሁ ቆራርጣችሁ ልቀቁልን። በሰዓቱ ሬዲዮ ያልከፈተ ልጅ በሌላ ሰዓት ይከፍተዋል።

ከዚያ በላይ ግን አንድ ነገር አለ፤ ለእኔ ዋናው ይኸው ነው። በመምህሩ መምሪያ ውስጥ ያሉትን የማዳመጫ ጽሑፎች አንድ በአንድ አስነብባችሁ ቅረጹልን፤ ከሰባተኛና ከስምንተኛ ክፍል ቢጀመር። አዲስ ሥርዓተ ትምህርት አይፈልግም፣ አዲስ ሕንፃ አይፈልግም። ጽሑፉ አለ። አንባቢ ነው የጎደለው። አንባቢዎቹም የተለያዩ ይሁኑ፦ ሴትም ወንድም፣ የእኛም ሰው፣ የኬንያም፣ የእንግሊዝም። እባካችሁ ሁሉንም ፈረንጅ አታድርጉት። ልጆቻችን ነገ እንግሊዝኛ የሚናገሩት ከናይሮቢና ከካምፓላ ሰው ጋር ነው፤ ጥርት አድርጎ የሚናገር ኢትዮጵያዊ ድምፅ መስማታቸውም “ይህ ነገር ለእኔ ዓይነቱም አፍ ይሆናል ለካ” ያሰኛቸዋል። ለእያንዳንዱ ጽሑፍ ሦስት ቅጂ፦ መደበኛው፣ ረጋ ያለውና ዝምታ ያለበት። አፋን ኦሮሞውም እንደዚሁ።

ማሰራጨቱ ቀላል ነው። ቴሌግራም ላይ አንድ ቻናል፣ ለትምህርት ቤቱ ደግሞ አንድ ፍላሽ። ኔትወርክ የማይደርስበት ወይም ካርድ የሚያልቅበት ቤት በፍላሹና በሚሞሪው ይሸፈናል። ልጆችን ስልክ ላይ ልትጥዱብን ነው የሚል ወላጅ እንደሚኖር አውቃለሁ፤ እኔም አባት ነኝ፣ ፍርሃቱ ይገባኛል። ለዚህ ነው አጭር፣ ምስል የሌለው፣ ኢንተርኔት ሳይከፈት የሚደመጥ ይሁን የምለው። አራት ደቂቃ ሰምቶ አንድ ደቂቃ ተናግሮ ስልኩን ለእናቱ ይመልስ።

በመጨረሻም ነጥብ። ነጥብ የሌለውን ነገር ልጅ አይሠራውም፣ መምህርም አያስተምረውም፤ እኔን ጨምሮ። ብሔራዊ ፈተናው ላይ ማዳመጥ ይግባ የሚለው የእናንተ ብቻ ውሳኔ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ተከታታይ ምዘናው ግን ክፍል ውስጥ ያለ ነው። ከመቶው አሥር ለጆሮና ለአፍ ይሰጥ ብላችሁ አንድ ሰርኩላር ብትልኩ፣ ያ የሚዘለል ክፍል ከዚያ ሳምንት ጀምሮ አይዘለልም።

መጥታችሁ ልታዩን ብትፈልጉ ደስ ይለናል። የትምህርት ቤቱን አድራሻ ስትጠይቁ እነግራችኋለሁ፤ የንብረት ክፍሉ ቁልፍ ሁልጊዜ ከእኔ ጋር ነው፣ ፍራሾቹም እንደተደገፉ ናቸው። የምንቀርጸው ማክሰኞና ሐሙስ ከትምህርት በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ መንገዱ ትንሽ ረገብ ይላል። ብቻ ወር በገባ በ5 ላይ እንዳይሆንባችሁ። የአቦ ቀን ነው፣ ሰዉ ከየሰፈሩ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ይጎርፋል፣ የማጉያው ድምፅ ፍራሹን አልፎ ይገባል። ያን ቀን እኛም አንቀርጽም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሰባተኛ ክፍል የእንግሊዝኛ መምህር
ሳሪስ